የከበረው ዕቃ ለማን ይቀርባል?



በኮልፌ ቀራንዮ ወደየቤታችን ስንገባ በመጀመሪያ ዓይናችን ከሚያርፍባቸው ነገሮች አንዱ ቡፌው ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ለዓውደ ዓመትና ለክቡር እንግዳ የተቀመጡ ሳህኖችና ሲኒዎች ተደርድረው ይታያሉ። «ሲኒ» የሚለው ቃል በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፤ ፖርሴሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ከየት እንደ መጣ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። በድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ በተደረገው ቁፋሮ በመካከለኛው ዘመን ከቻይና የመጡ የሸክላ ስብርባሪዎች መገኘታቸውም አገራችን ከዚህ ዕቃ ጋር ያላት ትውውቅ ጥንታዊ መሆኑን ያስረዳናል።

ይህን ዕቃ አብዝተው ከወደዱት ሰዎች አንዱ በቦምቤይ የተወለዱት ሰር ፐርሲቫል ዴቪድ ነበሩ። ያሰባሰቡትን የቻይና ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1950 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ወደ 1,700 የሚጠጋው ይህ ስብስብም ከ2009 ጀምሮ በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ ይታያል። ከመካከላቸው እጅግ የታወቁት በ1351 የተሠሩ ሁለት ሰማያዊና ነጭ ማሰሮዎች ናቸው። በአንገታቸው ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ሰው ስለ ቤተሰቡ ሰላም እየተማጠነ ለቤተ መቅደስ እንዳበረከታቸው ይናገራል። እንግዲህ እነዚህ ማሰሮዎች አስቀድሞ ስጦታ እንጂ ትርኢት አልነበሩም።

በአገራችንም በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ያሰባሰቧቸውን የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የባህል ዕቃዎች የራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ በሚጠራው ሕንፃ ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። ለአንድ ሰው የነበረው ሀብት የብዙዎች ሲሆን ደስታው ይበዛልና እንዲህ ያለው ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ማሳየት የልግስና መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። በመስተዋት ውስጥ ያለውን ሲኒ ሁሉ ያየዋል፤ ማንም ግን አይጠጣበትም።

ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። በዘነበ ወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቋመ። ከየአገሩ ለሕክምና ከመጡት ብዙዎቹ በዙሪያው ሰፍረው፣ ልጆች ወልደው፣ ጎረቤቶቻችን ሆነዋል። ቡና ሲፈላ ከእነርሱ ለአንዱ የምናቀርበው ሲኒ ለሌላው እንግዳ ከምናቀርበው ጋር አንድ ነውን? ወይስ ተለይቶ፣ ጠርዙ የተሸረፈው ተመርጦ፣ ለብቻውም ታጥቦ ይቀመጣል?

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 እንዲሰጥ የመከረው ጥምር መድኃኒት ይህን በሽታ ይፈውሳል። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም፤ በአንድ ማዕድ በመብላትና በመጠጣትም አይተላለፍም። ስለዚህ ዛሬ ሲኒውን የሚለየው ጥንቃቄ ሳይሆን ንቀት ነው።

ጌታችን ግን በቢታንያ በለምጻሙ በስምዖን ቤት ለማዕድ እንደ ተቀመጠ ወንጌላዊው ማርቆስ ይነግረናል። አንዲት ሴት ውድ ሽቱ የያዘውን የአልባስጥሮስ ብልቃጥ ሰብራ በራሱ ላይ ያፈሰሰችው በዚያ ቤት ነበር። ሰዎች ሊገቡበት በሚፈሩት ቤት የከበረው ዕቃ ተሰበረ፤ መዓዛውም ለሁሉ ተዳረሰ።

ፖርሴሊንም ቢሆን ነጭ አፈር ነው፤ የሚያከብረው እስከ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ውስጥ ማለፉ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ክቡር መዝገብ የተሰጠንን እኛን በሸክላ ዕቃ መስሎናል። በእሳት ያለፈውን ሸክላ በመስተዋት ውስጥ የምናከብር ከሆነ፣ በመከራ እሳት ያለፈውን ወንድማችንን እንዴት አናከብረውም?

እንግዲህ በሚመጣው በዓል ቡፌውን እንክፈት። መልካሙን ሲኒ በረከቦቱ ላይ እናኑር፤ አቦሉንም ሰው ለሚርቀው ጎረቤታችን በቅድሚያ እንቅዳ። ሲኒው ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ የተሰበረ ልብ ግን በገበያ አይተካም።

በለምጻሙ ቤት ለመቀመጥ ያላፈረው ጌታ፣ ወንድሞቻችንን ከማግለል ይጠብቀን። አሜን።