ቀፎውን በችቦ ያየው ልጅ

አንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም የልጅ ልጃቸውን ጠሩና አዲስ መንጋ የገባበትን ቀፎ አደራ ሰጡት። «ማሩ የሚቆረጠው በኅዳር ነው» አሉት፤ «እስከዚያ ማታ ማታ እያየህ የማሩ እንጀራ የት እንደ ደረሰ ትነግረኛለህ።»

ልጁ መጀመሪያ የያዘው በገል ላይ የሚጤስ ኩበት ነበር። የፍሙ ብርሃን ከእንጀራው ጫፍና ከጥቂት ንቦች ጀርባ አላለፈም። ዓይን እስኪለምድ መታገሥ ነበረበት፤ እሱ ግን መታገሡን አልወደደውም። በማግሥቱ ማታ ችቦ ለኩሶ ወደ ቀፎው አፍ አስጠጋ። ያን ጊዜ ሁሉም ወለል ብሎ ታየው፤ ነጫጭ እጮች በየቀዳዳቸው ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ሠራተኞቹ እግር ለእግር ተያይዘው ሰፈፍ ይሠራሉ። ደስ አለውና በሦስተኛው ማታ ሁለት ችቦ ይዞ መጣ።

ጥቂት ሲሰነብት የእንጀራው ጠርዝ አላበው፤ ሰፈፉም ለስልሶ ወደ ታች ተንጠለጠለ። በእሳቱ በኩል ያሉት እጮች ደረቁ። ክንፋቸው የተለበለበ ንቦች መሬት ላይ ይድሁ ጀመር። ልጁ ይህንን ሁሉ በጥንቃቄ አይቶ ለአያቱ ነገራቸው፦ «አባባ፣ ንቦች ሲመሽ ከእንጀራው እየወረዱ መሬት ላይ ይድሃሉ፤ እጮቻቸውም ሳያድጉ ይደርቃሉ። እንደ ቀን ወለል ብሎ ነው ያየሁት።»

«ልጄ» አሉት፣ «እሱ የንብ ጠባይ አይደለም፤ የእሳትህ ሥራ ነው።»

ሲነጋ ቀፎው ባዶ ነበር። መንጋው ጥሎ ሄዷል።

ምሳሌው ሕያው ሕዋስን በሌዘር ማይክሮስኮፕ ለሚመለከቱ ሰዎች ነው። ወደ ሕዋሱ የገባው ፍሎረሰንት ቀለም ሌዘር ሲያገኘው ያበራል፤ እያንዳንዱ የቀለም ሞለኪውል ግን ሲያበራ ሲያበራ ቆይቶ ኬሚካዊ ቅርጹ ይበላሻል፣ ዳግመኛም አያበራም። ጉዳቱ ቀለሙ በመጥፋቱ ብቻ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ብርሃኑ በሕዋሱ ውስጥ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድንና መሰል መርዛማ የኦክስጅን ውጤቶችን ይፈጥራል፤ እነሱም የሕዋሱን ሽፋንና ዲ ኤን ኤ ያጠቃሉ።

ይህን ጉዳት የሚቀንስ ዘዴ አለ። ሁለት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) በአንድ ቅጽበት ተጋግዘው አንድን ሞለኪውል ማነቃቃት እንደሚችሉ ማሪያ ገፐርት ማየር እ.ኤ.አ. በ1931 በቀመር አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ ደንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይህንን ወደ ማይክሮስኮፕ አመጡት። ኢንፍራሬድ ሌዘሩ ቀለሙን የሚያነቃቃው ጨረሩ በተሰበሰበበት ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ ከነጥቡ በላይና በታች ያለው ቀለም ይተርፋል። ትልቅ በረከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት የሃምስተር ፅንሶችን በዚህ ዘዴ ለ24 ሰዓት በተደጋጋሚ ተመልክቶ እድገታቸው እንዳልተገታ አሳይቷል። በተለመደው የኮንፎካል ማይክሮስኮፕ የታዩት ግን በ8 ሰዓት ብቻ እድገታቸው ተሰናክሏል፤ ያውም ሌዘሩ አንዳች ቀለም ሳያበራ።

ከዚህ ተነስቶ «ሁለት ፎቶን ሕዋስ አይጎዳም» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። ጨረሩ በሚሰበሰብበት ነጥብ ላይ ሂሳቡ ጨካኝ ነው። የሌዘሩን ኃይል እጥፍ ብናደርገው የምናገኘው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። የቀለሙ መጥፋት ግን፣ ተመራማሪዎቹ ፓተርሰንና ፒስተን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ልኬት መሠረት፣ ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ኃይል በጨመርን ቁጥር የምናጠፋው ከምናየው ይበልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ሕዋሱ ሳይሞት ሲታመም ነው፤ ያኔ የሕመሙን ምልክት የሕዋሱ ተፈጥሮ ነው ብለን እንጽፋለን።

ስለዚህ በቤተ ሙከራ ያላችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ምስሉ ሲደበዝዝባችሁ ኃይሉን ከመጨመራችሁ በፊት ብርሃን ተቀባዩን ፈትሹ፤ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል ያለውን ጊዜ አራርቁ። ሁልጊዜም ሌዘር ያልነካው ሕዋስ በጎን አስቀምጡና የሁለቱን አከፋፈል አወዳድሩ። ያልተነካው እየተከፈለ የተነካው ቆሞ ከቀረ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር አታሳትሙት።