ስለ ባዶ ሆድና ስለ ጠባይ

ሰው በቁጣ ለተናገረው ክፉ ቃል «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ ማሳበቡ የቈየ ልማድ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰይጣንን የሚተካ ሌላ ማሳበቢያ ተገኝቷል፤ ይኸውም «ደሜ ነው፥ ነርቬ ነው፥ ሕመሜ ነው» ማለት ነው። ይህ አባባል ሁልጊዜ ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም። እኔም ራሴ ከበላሁ በኋላ ጥቂት ሰዓት ሲያልፍ የደሜ ስኳር ዝቅ እያለ አእምሮዬን የሚያጨልምብኝ ሳይሆን አይቀርም ከተባሉት ሰዎች አንዱ ሆኛለሁና። ስለዚህ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ አንድ ጥያቄ አብረን እንድንመረምር እፈልጋለሁ። ሰው አካሉ ደክሞ አእምሮው በጨለመበት ጊዜ ለሠራው በደል ተጠያቂው ማን ነው? ሰውዬው ነው ወይስ ሆዱ?

ነገሩ እንዲገባችሁ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የምኖረው በየካ ክፍለ ከተማ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፥ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። መምህር ስለ ነበርሁ የሰፈራችን እድር ጸሐፊነት ለእኔ ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ እሑድ የዓመቱን ሒሳብ ልንመረምር ተሰበሰብን። ከቤት የወጣሁት ጧት በአንድ ሰዓት ነጭ ዳቦ በሁለት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ በልቼ ነው። ወደ አምስት ሰዓት ግድም ቍጥሮቹ በዓይኔ ፊት ይዋዥቁ ጀመር። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ደመርሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ የተለያየ ድምር ሰጠኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፥ ግንባሬን ላብ አጠመቀው፥ ልቤም በኃይል ይመታ ጀመር። በመጨረሻ ቀና ብዬ ገንዘብ ያዣችንን፥ ሠላሳ ዓመት በጉርብትና የማውቀውን ሰው፥ በጉባኤው መካከል «አራት ሺሕ ብር የት አደረስኸው?» አልሁት። ዘወትር አንቱ የምለውን ሰው ያን ዕለት አንተ አልሁት።

ሰውዬው አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሻይና አምባሻ ቀረበልን። ቀምሼ ሩብ ሰዓት ያህል ካረፍሁ በኋላ ያንኑ ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ደመርሁት። ገንዘቡ አንድ ብር ሳይጐድል ሙሉ ነበር፤ አንድ መስመር ዘልዬ የደመርሁት እኔው ነበርሁ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። እርሱም ያስረዳኝ በአጭሩ ይህ ነው። የበላነው እህል ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። በዚህ ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም ስኳሩን ከደም እያነሣ ወደ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎች ያስገባዋል። ሰው ባዶ ሆዱን ነጭ ዳቦና ጣፋጭ ሻይ የወሰደ እንደ ሆነ ስኳሩ ቶሎ ይወጣል፤ በአንዳንድ ሰዎችም ዘንድ ኢንሱሊኑ ይዘገይና ወይም ከልክ ያልፍና፥ ከበሉ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሲቈይ የደማቸው ስኳር ከሚገባው በታች ይወርዳል። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያጠፋው ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን የሚወስድ እርሱ ነው። ስለዚህ ስኳሩ ሲጐድል ቀድሞ የሚቸገረው ይኸው የማሰቢያ ክፍላችን ነው። ሰውነትም ጕድለቱን ሲያውቅ አድሬናሊን የሚባለውን መልእክተኛ ይልካል፤ ይህም ሰው ሲቈጣና ሲፈራ የሚላከው ያው መልእክተኛ ነው። እጅ የሚንቀጠቀጠው፥ ላብ የሚመጣው፥ ልብም የሚመታው ስለዚህ ነው። ሰውዬው የተቈጣ ይመስለዋል፤ ቀጥሎም የሚቈጣበትን ሰው ይፈልጋል።

ነገሩ ለሐኪሞች አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ኢንሱሊን በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ከተገኘ በኋላ፥ መድኃኒቱ የበዛባቸው የስኳር ሕመምተኞች ሲንቀጠቀጡና አእምሯቸው ሲዘባረቅ ታየ። ሲል ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህንኑ ምልክት መድኃኒቱን ባልወሰዱ ሰዎች ላይ ተመልክቶ በ1924 ጻፈ። በ1938 ደግሞ አለን ዊፕል የተባለ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሦስት ማረጋገጫ አቆመ፤ አንደኛ ምልክቱ መታየቱ፥ ሁለተኛ በዚያው ሰዓት የደሙ ስኳር ዝቅ ብሎ መገኘቱ፥ ሦስተኛ ስኳሩ ከፍ ሲል ምልክቱ መጥፋቱ ነው። ሦስቱ ካልተገጣጠሙ በሽታው ይህ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

የእኔስ ነገር እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ጭጋጉ በመጣብኝ ጊዜ ጣቴን ወግቼ በትንሽ መለኪያ እንድለካ አዘዘኝ። አንድ ቀን 54 ሚሊግራም በዴሲሊትር ተገኘ፤ የስኳር በሽታ ለሌለበት ሰው ከ55 በታች ዝቅተኛ ነው ይባላል። ሌላ ቀን ግን ጭጋጉም ንዴቱም እንደዚያው ሆኖ ሳለ 86 ተገኘ፤ ይህም የጤነኛ ሰው ልክ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን ቍጥር አይቶ «ሊሆን ይችላል፥ መምህር፤ ቍርጡን ግን ልነግርዎ አልችልም» አለኝ። መለኪያዋም ጥቂት ልትሳሳት እንደምትችል ጨምሮ ነገረኝ። እንግዲህ ከቁጣዬ የትኛው የደሜ፥ የትኛው የጠባዬ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያሳየኝ መሣሪያ አላገኘሁም ማለት ነው። 54 በተገኘበት ቀን ንጹሕ፥ 86 በተገኘበት ቀን በደለኛ ልሆን ነውን?

ያም ሆነ ይህ የሐኪሙን ወረቀት በኪሴ ይዤ ገንዘብ ያዣችን ቤት ልሄድ ተነሣሁ። ሐሳቤ ወረቀቱን አሳይቼ «ሕመም ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ለማለት ነበር። ባለቤቴ ግን በር ላይ አቆመችኝና «ወረቀቱ እዚህ ይቅር፤ ሰውዬው የተሰደበው በአፍ ነው» አለችኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ብዙ ዓመት ረስቼው የነበረ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በዚሁ በየካ ሳስተምር ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባዋ ተሸክማ እየወረደች ትሸጥ ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚያ ተራራ ወገቧ ጐብጦ የምትወርድ ሴት ያየ ሰው ሸክሙ ምን ያህል እንደ ሆነ አይጠፋውም። ልጅቱ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ትጉህ ነበረች፤ በአራተኛው ግን ዓይኗ ይፈዛል፥ የጠየቅኋትንም አትመልስም። እኔም ስንፍና ነው ብዬ በጓደኞቿ ፊት አንበረከክኋት፤ ይህንንም ያደረግሁት አንድ ቀን ብቻ አልነበረም። ቁርስ ሳትበላ እንደምትመጣ የነገረችኝ ሌላ መምህርት ናት፤ እርሷም የነገረችኝ ልጅቱ ትምህርቷን ካቋረጠች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

የልጅቱና የእኔ ችግር አንድ አይደለም። እርሷ የሚበላ አጥታ ነው፤ እኔ የምበላውን ሳልመርጥ ቀርቼ ነው። ነገር ግን ፍርዴን ተመልከቱ። እኔ ቍጥር መደመር ባቃተኝ ጊዜ ምክንያት ፍለጋ እስከ ሐኪም ቤት ሄድሁ፤ እርሷ ቍጥር መደመር ባቃታት ጊዜ ግን «ቁርስ በልተሻል ወይ?» ብዬ አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኋትም። አባቶቻችን የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ያሉት እንደ እኔ ላለው መምህር ነው።

ከአደን ደክሞ ስለ ተመለሰው ስለ ዔሳው የሚነገረውን ታሪክ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ብኵርናውን በምስር ወጥ የሸጠ ጊዜ ሁላችንም ተማሪዎች ሳቅንበት። አሁን በሽምግልናዬ ሳስበው ከዔሳው ይልቅ የሚያስፈራኝ ያዕቆብ ነው፤ ወንድሙ እስኪራብ ጠብቆ ውል አዋውሎታልና። የተራበን ሰው መመዘን፥ መፈተን፥ ማዋዋል ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። ይሁን እንጂ ዔሳውም ከነቀፋ አልዳነም፤ ከጠገበ በኋላ ተነሥቶ ሄደ እንጂ ስላደረገው ነገር አላሰበምና።

ለጥያቄያችን መልስ የሚገኘው ከዚህ ይመስለኛል። በጭጋጉ ውስጥ ሳለሁ ነጻነቴ ጥቂት ናት። ከጭጋጉ በፊትና ከጭጋጉ በኋላ ግን ሙሉ ናት። በቅሎው ድልድይ ላይ እንደሚደነብር የሚያውቅ ሰው ከድልድዩ በፊት ይወርዳል እንጂ፥ ሰው ካስረገጠ በኋላ «በቅሎው ነው» ቢል ማንም አይቀበለውም። በቅሎው መደንበሩን ገና ያላወቀ ሰው በደሉ ይቀልለታል፤ ቢሆንም የተረገጠውን አንሥቶ ማሳከም ግን የእርሱ ዕዳ ነው። ስለዚህ የሕመምን ምክንያት ማወቅ ኀላፊነትን አይሰርዝም፤ ሰዓቱን ብቻ ይለውጣል። በአምስት ሰዓት ስለምናገረው ቃል የምጠየቀው በአንድ ሰዓት ስለምበላው ቁርስ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «ጎረቤቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው በሰላም ይውሉ የለምን? እንግዲህ ነገሩ የፈቃድ ጕዳይ ነው» ይል ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ምንም ባልበላ ጤነኛ ሰው ዘንድ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር በጥቂት በጥቂቱ ለደም ይለቃል፤ እኔ የምናገርለት ጕድለት ግን የሚመጣው ከመብላት በኋላ፥ ስኳሩ ወጥቶ በፍጥነት ሲወርድ ነው። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመው ሰው በአንድ ሰዓት ጣፋጭ ሻይ ከጠጣው ከእኔ ይልቅ ረግቶ ሊውል ይችላል። ከዚህም በቀር ጾም ሰው ዐውቆ የሚገባበት ነው፤ ሥርዓቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ይሰጣል።

አሁን ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ በቁርሴ ላይ እንቍላል ወይም ሽሮ አይጠፋም፤ ምግቤንም ከፋፍዬ እበላለሁ። በኪሴ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አለ። በመንገድ ላይ መብላት ነውር ነው ተብለን ስላደግን በመጀመሪያ አፈርሁ፤ ነገር ግን ከሁለቱ ነውሮች ቆሎ መቈርጠሙ ይቀልላል። እንዲህ ያለው ነገር የሚሰማው ሰው ግን በእኔ ምክር ብቻ አይኑር፤ ሐኪም ይጠይቅ። በተለይ የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነገሩ ሌላ ስለ ሆነ ሊዘገይ አይገባውም።

ገንዘብ ያዣችን ዘንድም ያለ ወረቀት ሄድሁ። «በደልሁዎ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ሌባ ያሉኝ እኮ በጉባኤ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ የደመርሁት እኔ፥ የተሳሳትሁት እኔ፥ የሰደብሁትም እኔ መሆኔን ተናገርሁ። ስለ ሕመሜ የተናገርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱንም ወደ ፊት ሒሳብ ከአራት ሰዓት በኋላ እንዳይሰጡኝ ለማስጠንቀቅ እንጂ ለማመካኛ አልነበረም። ሰውዬው ተነሥቶ ሳመኝ። የእድሩን ገንዘብ ግን ሁለተኛ አልይዝም ብሎ ቍልፉን መለሰ። ይቅርታ አግኝቻለሁ፤ ያጠፋሁትን ሁሉ ግን አልመለሰልኝም።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ መቅረብ መጀመሩን ባየሁ ጊዜ ያቺን ልጅ አሰብኋት። ለእርሷ ዘግይቷል። ከእናንተ መካከል ነገ መምህር፥ ዳኛ፥ ወላጅ ወይም አለቃ የሚሆን አለ። እንግዲህ በራሳችሁ ላይ ስትፈርዱ «ርቦኝ ነበር» የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ መርምሩት፤ በሌላው ላይ ስትፈርዱ ግን ይህንኑ ቃል እርሱ እስኪናገረው አትጠብቁ፤ አስቀድማችሁ ጠይቁት።