ድንጋዩ የነበረበት ቦታ

ልጆቼ፣ «ክፉ ሰው ለምን ይሰነብታል? እግዚአብሔርስ ለምን ዝም ይላል?» ስትሉ እሰማችኋለሁ። ጥያቄው የእኔም ነው፤ እኔ ከእናንተ ይልቅ ብዙ ዘመን አብሬው ከረምሁ እንጂ።

ከጮቄ ተራራ ግርጌ ከብት ስጠብቅ፣ ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ጎረቤታችን ሲመሽ ማሳ ውስጥ ሲያጎነብስ አየሁት። ባሏ የሞተባትን ሴት የወሰን ድንጋይ በዶማ ነቅሎ፣ ታቅፎ ወደ ገብሷ ገባና ተከለው። በእግሩ ረገጠው፤ ሣር ከነሥሩ ነቅሎም ዙሪያውን ደፈነው። ሽማግሌ በተቀመጠ ጊዜ ሰውየው የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳልሞ ማለ። ለአባቴ ያየሁትን ነግሬው ነበርና ክንዴን ጨብጦ ያዘኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። ሴትዮዋ «እግዜር ያየዋል» ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቤቷ ሄደች።

ያን ክረምት ዓይኔን ከሰማይ አልነቀልሁም። በረዶ ወርዶ የሰውየውን አዝመራ እንዲያጠፋው እጠብቅ ነበር። በረዶውስ መጣ፤ የእኛንና የሴትዮዋን ገብስ አስተኝቶ የእሱን በጎን አልፎት ሄደ። ሰውየው ሸመገለ፣ ልጆቹን ዳረ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ለተዝካሩ ሦስት ሰንጋ ወድቋል፤ እኔም ከበሉት አንዱ ነኝ። ልጆቼ፣ የበደላችሁን ሰው ማሳ በረዶ ይምታው ብላችሁ ሰማይ አትመልከቱ። በረዶ ወሰን አይለይም።

ኋላ ቅኔ ቤት ስገባ ነገሩን ለየኔታ አወጋኋቸው። «በበደልን ዕለት የምንቀሠፍ ብንሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ አንተም የሚያስተምርህ ባጣህ ነበር» አሉኝ፤ ሳቅሁ። ቀጥለው ግን «ለመሆኑ አንተ አይተህ ምን አልህ?» ሲሉኝ ሳቄ ከከንፈሬ ላይ ደረቀ። ብዙ ቅኔ ረስቻለሁ፤ ያችን ጥያቄ ግን አልረሳኋትም።

«የእግዜር ፍርድ ቢዘገይ እንጂ አይቀርም» ይባላል። እኔ በዚህ ዓለም ሲቀርም አይቻለሁ። ጣሊያንን ሲያርበደብድ የኖረው የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የጣሊያኑ የጦር አዛዥ ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው ግፍ አንድ ቀን ፍርድ ፊት ሳይቆም በ1947 ዓ.ም. በአገሩ አረፈ። የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ኮበለለ፤ በ2000 ዓ.ም. ሞት ቢፈረድበትም ፍርዱ ሐራሬ አልደረሰም። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም፤ ሽማግሌ ሲዋሽ ስለማያምርበት ነው።

የደብረ ማርቆስን ግን ስሙ። በነሐሴ 1970 ዓ.ም. በዚያች ከተማ 75 እስረኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታንቀው ተገደሉ፤ አስከሬናቸውም በጅምላ ጉድጓድ ተጣለ። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ አለሙ ኔዘርላንድ ገባ፤ ዜግነት አገኘ፤ እዚያው ኖረ። «ይኸው፣ ፍርድ የለም» ያላለ ማን ነበር? በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ለዚያ ግድያ፣ ሌሎች ሰዎችንም ለማሰሩና ለማሠቃየቱ፣ ዕድሜ ልክ ፈረደበት፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው አጸናው። የመጀመሪያው ፍርድ እንኳ የመጣው ከ39 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! መብረቅ አልወረደም። ከእልቂቱ የተረፉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ያዩትን ተናገሩ፤ ፊርማው ያረፈበት ወረቀትም ሳይጠፋ ቆይቶ ቀረበ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሊቃውንቱ ቢቆጡኝም እንዲህ እላለሁ፦ የእግዚአብሔር ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እሱ ተኝቶ ሳይሆን ምስክር አጥቶ ነው። ዝም ካሉት ምስክሮች አንዱ እኔ ነኝ፤ እኔንም እስከ ዛሬ የቀሠፈኝ የለም።

ድንጋዩ ሲነቀል ያየሁትን ልናገር ወደዚያች ሴት ወንድ ልጅ የሄድሁት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። እሷ አርፋለች። መሬቱም በ1967ቱ አዋጅ፣ ደግሞም በ1989ኙ ሽግሽግ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የድሮው ወሰን ጠፍቷል። ልጇ ጠላ ቀዳልኝ፤ ተናግሬ እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝና «ምነው እናቴ ሳለች?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ጠላውንም ሳልጨርሰው ተነሣሁ።

እናንተ ያያችሁትን በጊዜው ተናገሩ፤ መናገር የማይቻል ከሆነ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የእኔን እነሆ ጽፌአለሁ፦ ድንጋዩ የነበረው ከምንጩ በላይ፣ ከኮሶው ዛፍ ሥር ነው።