ጥርጣሬ ወዴት ይፈሳል?

ሰሞኑን ላፕቶፔ እምቢ አለኝ። ስክሪኑ በርቷል፣ ማውሱ ይሠራል፣ ኪቦርዱ ግን ዝም። አንዱን ፊደል ብመታ የለም፤ ሌላውን ብመታ የለም። በማግስቱ የማስረክበው ጽሑፍ ደግሞ ገና ግማሹ ላይ ነው።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ሰው ከመፍትሔ በፊት የሚፈልገው ጥፋተኛ ነው። እኔም ፈለግሁ፤ ለማግኘትም ጊዜ አልፈጀብኝም። ጠዋት ጠዋት ክፍሌን የምታጸዳው የቤት ሠራተኛችን ነቻ! እርጥብ ጨርቅ ይዛ አይቻታለሁ። በቃ፣ ውሃ አስገብታበታለች። ጠራኋት።

«ጋሼ፣ ጠረጴዛውን ነው የወለወልኩት፤ እሱንስ አልነካሁትም» አለች።

«ታዲያ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አልኳት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ማሠሪያውን ከደሞዟ እንደምቆርጥም ጨመርኩበት። አንገቷን ደፍታ ወደ ኩሽና ገባች።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። «ውሃ ገብቶበታል» አልኩት ባለሙያውን፣ ምርመራውን የጨረስኩ ያህል። ልጁ ግን አልመለሰልኝም። ከመሳቢያው ሌላ ኪቦርድ አውጥቶ በዩኤስቢ ሰካበት። ያም አልጽፍ አለ። «ይኼ ደህና ኪቦርድ ነው» አለኝ፤ «ሁለቱም እኩል እምቢ ካሉ ችግሩ ኪቦርዱ ላይ አይደለም ማለት ነው።» ከዚያ አንዱን ቁልፍ ተጭኖ ቆየ። ጥቂት ዘግይታ ፊደሏ ብቅ አለች!

ነገሩ «ፊልተር ኪይስ» የሚባል ነው። ብልሽት አይደለም፤ እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ታስቦ የተሠራ፣ ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ያለ አገልግሎት ነው። ሲበራ ለአፍታ ብቻ የተነካውን ቁልፍ ሳይታሰብ የተነካ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ረጋ ተብሎ የተጫነውን ይቀበላል። የሚበራው በስተቀኝ ያለውን የሺፍት ቁልፍ ለ8 ሰከንድ ተጭነው ሲቆዩ ነው። ያን ጊዜ ድምፅ ያሰማል፤ «ይብራ ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

አሁን ትዝ አለኝ። ማታ ቃል ጠፍቶብኝ ጣቴን እዚያ ቁልፍ ላይ አሳርፌ ጣራ ጣራ ሳይ ነበር። ድምፅ ሰማሁ፤ አንድ መስኮት መጣ። ሳላነብ «እሺ» ብዬ አባረርኩት። ጥፋተኛው እኔው ነኝ።

ልጁ በማውስ ሴቲንግስ ገብቶ አጠፋው። እኔ ግን የምጠይቀው ጥያቄ ያኔ ጀመረ። የተሳሳትኩት ስላላወቅሁ ነው? አለማወቅማ ጥፋት አይደለም። ግን ባለማወቄ ውስጥ እንኳ ጣቴ ወዴት እንደሚቀሰር በደንብ ያውቅ ነበር። በዚያች ማሽን ያመሸው አለቃዬ ቢሆን ኖሮ ውሃ አስገባህባት እለው ነበር? አልልም። ምናልባት አርጅታ ይሆናል እል ነበር። ጥርጣሬ እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ይፈሳል። መልስ መስጠት የማይችለው ሰው ጋ ሲደርስ ነው የሚጠራቀመው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ጥገና ቤት ያለው ልጅ ይህን በሥራው ያውቀዋል፤ ከመፍረዱ በፊት ሌላ ኪቦርድ ሰክቶ ያያል። እኛ ማሽን ላይ የማንፈርደውን ፍርድ ሰው ላይ ስንፈርድ ግን እማኝ እንኳ አንጠይቅም።

ማታ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኧረ ምንም አይደል ጋሼ» አለች፣ አሁንም አንገቷን እንደደፋች። መጀመሪያ ቀለለኝ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ሌላ ምን ልትለኝ ትችል ነበር? ደሞዟ በእጄ፣ ማደሪያዋ በቤቴ ነው። «አልተውልዎትም» ለማለት የማይችል ሰው «ምንም አይደል» ቢል ይቅርታ ተደረገልኝ ማለት ይቻላል?

ደሞዟን አልቆረጥኩም፤ እሱማ ዕዳዬ ነው እንጂ ውለታ አይደለም። ያን ቀን በቤተሰቡ ፊት ነበር የጮህኩባት፤ ስለዚህ በማግስቱ ምሳ ላይ ያበላሸሁት እኔ መሆኔን በቤተሰቡ ፊት ተናገርኩ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ ግን የራሷ ጉዳይ ነው።