ልቡና በምን ይሰፈራል?

ጨርቅ በክንድ ይለካል፤ ማር በሚዛን ይመዘናል፤ ገብስ በቁና ይሰፈራል። ቁና ግን ጥንት በሁሉ አገር አንድ አልነበረም። የአንዱ አውራጃ ቁና ከሌላው ይበልጥ ወይም ያንስ ስለ ነበር፥ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የመጣ እንግዳ ነጋዴ ቁናውን ሳያይ ዋጋ ቢቈርጥ ኪሳራው የራሱ ነበር። እህልን ለመስፈር ይህን ያህል ጥንቃቄ ካስፈለገ፥ የሰውን ልቡና ለመስፈር የተነሣ ሰው ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባው ይሆን?

ልቡናን የመስፈር ሐሳብ ዛሬ የተነሣ አይደለም። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1905 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር ሆኖ፥ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ሕፃናት ለይቶ ለመርዳት የሚያገለግል ፈተና አወጣ። በ1938 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ሬቨን ቃል የሌለበት ፈተና አሳተመ። ይህ ፈተና 60 ጥያቄ አለው፤ ይኸውም አምስት ክፍል ሆኖ በየክፍሉ 12 ጥያቄ ነው። በገጹ ላይ በሥርዐት የተደረደሩ ቅርጾች ይታያሉ፤ አንዱ ስፍራ ግን ባዶ ነው። ተፈታኙ ቅርጾቹ በምን ሕግ እንደሚለዋወጡ መርምሮ፥ ከታች ከቀረቡለት ስድስት ወይም ስምንት ቁራጮች ለባዶው ስፍራ የሚስማማውን ይመርጣል።

ፈተናው ማንበብንም መናገርንም ስለማይጠይቅ፥ ለሕዝብ ሁሉ የሚሆን አንድ ቁና ተገኘ ብለው ያመኑ ብዙዎች ናቸው። ሥራውም ከንቱ አይደለም። መስማት የተሳነው ሕፃን ወይም አንደበቱ በደዌ የታሰረ ሰው ማስተዋሉን በዚህ መንገድ ሊገልጥ ይችላል። በቃል ፈተና ብቻ ቢመዘን ኖሮ ሰነፍ ይባል የነበረ ስንት ልጅ በዚህ ድኗል።

ዳሩ ግን ይኸው ቁና ወደ ኢትዮጵያ በዞረ ጊዜ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። በ2002 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሊንና ፊንላንዳዊው ታቱ ቫንሃነን የአሕዛብን ልቡና ከሀብታቸው ጋር የሚያነጻጽር መጽሐፍ አሳተሙ። የእንግሊዝን ሕዝብ መካከለኛ ውጤት 100 አድርገው ለኢትዮጵያ 63 ሰጡ። በዚያ ሚዛን ከ70 በታች የሆነ ቍጥር በተለምዶ የአእምሮ ጕድለት ምልክት ሆኖ ይታያል። እንግዲህ በዚህ አነጋገር፥ የሚያርሰው፥ የሚነግደው፥ በሽምግልና የሚዳኘው፥ ቅኔ የሚቀኘው ሕዝብ ከእኩሌታው የሚበዛው ጕድለተኛ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ በአንድ ሰው ላይ እንኳ ሲፈረድ ምስክር ይጠየቅበታል፤ በአንድ ሕዝብ ላይ ሲሆንማ እንዴት አይጠየቅ?

ምስክሩ ይህ ነው። ቍጥሩ የተወሰደው በኢትዮጵያ ምድር ከተደረገ ፈተና አይደለም። ሽሎሞ ካኒኤልና ሽራጋ ፊሸርማን በ1991 ባሳተሙት ጥናት፥ ወደ እስራኤል ከገቡ ብዙ ያልቈዩ 250 የሚያህሉ የቤተ እስራኤል ወጣቶች የሬቨንን ፈተና ተፈትነው ነበር። የእነዚህ ስደተኞች ልጆች ውጤት ተነሥቶ፥ የአፋሩም የጋሞውም የሸዌውም የወለጌውም ስም ሆነ። አንድ ነጋዴ ከአንድ ስልቻ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግኖ፥ «የኢትዮጵያ ገብስ እንዲህ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

ይሁን እንጂ ክርክሩ በተፈታኞቹ ማነስ ብቻ አይፈጸምም። ዋናው ነገር ሥዕል ራሱ ቋንቋ መሆኑ ነው። በ1972 ያን ዴሬጎቭስኪና ባልደረቦቹ፥ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚኖሩት በመኤን ሰዎች ዘንድ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ሥዕል ላልለመዱት ሰዎች በጨርቅ ላይ የተሣለ አውሬ ቀረበላቸው። ብዙዎቹ አውሬውን ለዩት፤ ነገር ግን ወዲያው ሳይሆን ክፍል በክፍል እየመረመሩ፥ በድካም ነበር። እውነተኛውን አውሬ በዱር ለመለየት ግን አስተማሪ የሚያሻቸው አልነበሩም። ሮበርት ሰርፐልም በ1979 ባሳተመው ጥናት የዛምቢያንና የእንግሊዝን ልጆች አነጻጽሯል። ቅርጽን በሽቦ መቅዳት ሲሆን የዛምቢያዎቹ ልጆች በለጡ፤ በእርሳስ መቅዳት ሲሆን የእንግሊዞቹ በለጡ፤ በጭቃ ሲሆን ተካከሉ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

በሰሜን ሸዋ ሙዳይ የምትሰፋ እናትም ቀለሙን በሥርዐቱ ለመመለስ፥ ዙሩ በሰፋ ቍጥር ስንት ስፌት እንደምትጨምር በልቧ ትቈጥራለች። ጥለት የሚጥል ሸማኔም የቅርጹን ሕግ ሳይጽፍ ይዞ ይሠራል። የእነዚህ ሰዎች ልቡና በቅርጽና በሥርዐት ያስባል። ነገር ግን የሙዳዩ ሕግ በጣት የሚያዝ ነው እንጂ ከስምንት ቁራጭ አንዱን በመምረጥ የሚታወቅ አይደለም። ይህን ጨዋታ ያልለመደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢሳሳት፥ የተሳሳተው በማሰብ ነው ወይስ በጨዋታው? ፈተናው ይህን ለይቶ አይናገርም።

ለይቶ የሚናገር ሌላ መንገድ ግን አለ። ዴቪድ ጹሪኤልና ካውፍማን በ1999 ባሳተሙት ጥናት፥ ከኢትዮጵያ የሄዱ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት በማመዛዘን ጥያቄ በመጀመሪያ ከእስራኤል ተወላጆች አነሱ፤ ጥቂት ጊዜ አሠራሩን ካስተማሯቸው በኋላ ግን ልዩነቱ እጅግ ጠበበ። በጥቂት ትምህርት የሚሞላ ነገር የተፈጥሮ ወሰን ሊሆን አይችልም። ጄምስ ፍሊንም በ1987 እንዳሳየው፥ የሆላንድ ወጣቶች በሬቨን ዐይነት ፈተና ከ1952 እስከ 1982 ባለው 30 ዓመት ውስጥ 20 ነጥብ ያህል ከፍ ብለዋል። የሆላንድን አባቶች ግን በዚህ ምክንያት ደካሞች ያላቸው የለም።

ይህ የማስተማርና የመመዘን አንድነት ለቅኔ ቤት እንግዳ አይደለም። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን በጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያስጀምረዋል፤ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት ቢያቅተው ያርመዋል፤ በማግሥቱም ይመለስበታል። የሚመዝነውም ዛሬ ባወቀው ብቻ ሳይሆን ከታረመ በኋላ በሚያሳየው ጭምር ነው። ሆኖም ቅኔ ቤትም ሊመካ አይገባውም። ሰምና ወርቅ ያልሆነለትን ልጅ በእርሻም በሸማም በፍርድም ብልህ ሊሆን እንደሚችል ዘንግቶ «ልበ ቢስ» ያለ መምህር፥ የራሱን ቁና የዓለም ቁና አድርጓልና። በቅኔ ሚዛን ቢመዘኑ የሎንዶን ሊቃውንት ስንት ያገኙ ነበር?

ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ «ፈተናው የባዕድ ነው፤ አይመለከተንም» ብሎ መተኛት የሚቀለው ሰው አለ። ይህም ሌላ በደል ነው። እነዚያ ወጣቶች ያነሱት መጽሐፍ፥ ሥዕልና ትምህርት ቤት ስላልደረሳቸው ከሆነ፥ ቍጥሩ ስለ ማንነታቸው ሐሰት ሲናገር ስለ ተከለከሉት ነገር ግን እውነት ይመሰክራል። በአንኮበር ቍልቍለት የሚኖር ልጅ መጽሐፍ ሳይዝ ቢያድግ፥ ማጣቱ ነገ በፈተና ይገለጣል፤ ልጁንም ማንም አይጠብቀውም። የልቡናውን ሙላት በማመስገን ብቻ የጐደለው አይሞላለትም።

ስለዚህ ከአንድ ቍጥር ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይወለዳል። ጕድለቱ በልጁ ነው የሚል መምህር ልጁን ወደ ኋላ አስቀምጦ ይተወዋል። ጕድለቱ በተሰጠው ነገር ነው የሚል መምህር ግን የሚሰጠውን ይፈልጋል፤ ያስተምረዋል፤ ደግሞም ይመዝነዋል። ቢኔ ፈተናውን ያወጣው ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ ነበር። ዛሬም በደብረ ብርሃን ሆነ በሌላ ስፍራ የልጅ ውጤት በእጁ የገባ ሁሉ፥ ከቍጥሩ አስቀድሞ ልጁ ምን እንደ ተማረ ይጠይቅ፤ ያልተማረውንም ሳያስተምረው አይፍረድበት።