የዒድ ከረሜላ ቢያንስም በር አይዘጋ

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! በልጅነቴ፣ ይርጋጨፌ አቅራቢያ በምትገኘው ኢዲዶ፣ ከዒድ አል-ፊጥር ሶላት መልስ አዲስ ልብስ ለብሰን «ዒድ ሙባረክ!» እያልን በየጎረቤቱ እንዞር ነበር። እፍኝ ከረሜላ ወይም ቁራጭ ዳቦ ሳይሰጠን የተመለስንበት ደጅ ትዝ አይለኝም።

ዛሬ እፍኙ ወደ ሁለት ፍሬ ወርዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮው ይበልጥ ከብዷልና በማነሱ ማንንም አልወቅስም። የምወቅሰው በማነሱ አፍሮ በሩን የሚዘጋውን ነው፤ መጀመሪያም ራሴን። ባለፈው ዒድ ልጆች ሲያንኳኩ ዝም አልኩ። ኮቴያቸው ሲርቅ ነው ይበልጥ ያፈርኩት።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ለጎረቤቷ የምትሰጠውን፣ የበግ ሸኾና እንኳ ቢሆን፣ እንዳትንቅ አስተምረዋል (ቡኻሪና ሙስሊም)። አንዲት ከረሜላ ከሸኾና አታንስም።

የማይቀነስ ስፍርም አለ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ዘካተል ፊጥር በትንሹም በትልቁም ሙስሊም ስም አንድ ሷዕ ነው፤ ይኸውም በሁለት እጅ የሚታፈስ አራት እፍኝ። ከሶላቱ በፊት ለድኻ ይድረስ። ዋጋ ቢንርም ሷዑ ያው ሷዕ ነው።

እንግዲህ ግዴታውን ሳናጎድል፣ ስጦታውን ሳንንቅ፣ በራችንን እንክፈት። አላህ (ሱ.ወ.) በጥቂቱ በረካ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።