በእኩዮች መካከል የተሠራ ኃጢአት የማን ነው?

በቁምስናዎቻችን ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ሁሉ ይህን ሳያዩ አልቀሩም። ዐሥርቱን ትእዛዛት በቃሉ የሚወጣ፣ ሲጠየቅ ክፉንና ደጉን ለይቶ የሚመልስ የ15 ዓመት ልጅ በዚያው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ማንም ያልጠበቀውን ጥፋት ሠርቶ ይገኛል። ወላጆቹ «ልጃችን እንዲህ አልነበረም፤ ጓደኞቹ ናቸው ያበላሹት» ይላሉ። የጓደኞቹም ወላጆች ይህንኑ ቃል ስለ እርሱ ይናገራሉ። ልጁ ራሱ «ለምን አደረግኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ እንጃ» ይላል። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ እንደ ማምለጫ ይቈጠራል፤ ነገር ግን እውነተኛ መልስ ሊሆን ይችላል።

ይህን «እኔ እንጃ» ከቅዱስ አውጎስጢኖስ ይልቅ በጥልቀት የመረመረ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በ«ኑዛዜ» መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል እንደሚተርከው፣ 16 ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ወደ ካርታጎ ልኮ የሚያስተምርበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ዛሬ በአልጀሪያ ሱቅ አህራስ በምትባለው በታጋስተ ከተማ ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። አንድ ሌሊት ከእኩዮቹ ጋር ወጥቶ ከቤተሰቡ የወይን ቦታ አጠገብ ከነበረ የሰው ዛፍ ፒር የሚባለውን ፍሬ አራግፈው ተሸክመው ሄዱ፤ ጥቂቱን ቀምሰው የቀረውን ለዐሳማ ጣሉት። አውጎስጢኖስ አልራበውም ነበር፤ በቤቱም ከዚያ የተሻለ ፍሬ ነበረው። ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ ዕድሜው ከ40 ዓመት ሲያልፍ፣ ለዚህች ጥቂት ፍሬ ብዙ ገጽ ሰጥቶ ይጽፋል። አንዳንዶች ነገሩን ከመጠን በላይ አከበደው ይላሉ። ለእኔ ግን የመረመረው ስርቆቱን ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ሥራ ምን እንደወደደ ራሱን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ደጋግሞም የሚደርስበት ነገር ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው ነው። በእኩዮቹ ፊት ከእነርሱ ያነሰ ኃጢአተኛ መስሎ መታየት ያሳፍረው ስለነበር፣ ያልሠራውን እንኳ ሠርቻለሁ ይል እንደነበረ ይናገራል።

ከ1600 ዓመታት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር በሌላ መንገድ ፈተኑት። 306 ሰዎችን ከ13 እስከ 16፣ ከ18 እስከ 22 እና ከ24 ዓመት በላይ ብለው በዕድሜ ከፈሉአቸው፤ ከዚያም በኮምፒዩተር የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫወቱአቸው። ቢጫው መብራት ከበራ በኋላ ብዙ የሚነዳ ብዙ ነጥብ ያገኛል፤ ሳይቆም የቀረ ግን ተጋጭቶ ያጣል። ከፊሎቹ ብቻቸውን፣ ከፊሎቹ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ተጫወቱ። ዐዋቂዎቹ ብቻቸውንም ሆነ በሰው ፊት ልዩነት አላሳዩም። ወጣቶቹ ግን እኩዮቻቸው ባሉበት ጊዜ ለአደጋ ይበልጥ ተዳፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት በዚህ ዓይነት ጨዋታ ጊዜ አንጎልን በመሣሪያ ተመለከተ። ጓደኞቹ ከሌላ ክፍል ሆነው እንደሚያዩት ያወቀ ጎረምሳ፣ ደስታንና ሽልማትን የሚያስተናግደው የአንጎሉ ክፍል ብቻውን ከነበረበት ጊዜ ይልቅ በረታ፤ በዐዋቂዎቹ ላይ ግን ይህ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ለጋ አይጦች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲሆኑ አልኮል አብዝተው ሲጠጡ፣ ያደጉት አይጦች ግን እንደዚያ ሳይሆኑ ተገኙ። አይጥ አይጥን «ፈሪ» ብሎ እንደማይሰድብ ግልጽ ነው።

አበው ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር የተረቱት ተረት አለ፤ መጨረሻውን አንባቢ ስለሚያውቀው በዚህ ክቡር ገጽ አልጽፈውም። ተረቱ ክፉ ጠባይ ከክፉ ጓደኛ የሚወሰድ መሆኑን ያስተምራል። ከላይ ያሉት ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከዚህ ይለያል፤ አህያ በሌለበትም ጊደሮች ብቻቸውን ሲሰበሰቡ ነገሩ ይከሰታል። ስለዚህ እርስ በርስ የሚካሰሱት ወላጆች ሁሉም ተሳስተው፣ ወይም ሁሉም ልክ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

እንግዲህ የሥነ ምግባር ጥያቄው ይህ ነው፦ የእኩያ ዓይን በአንጎሉ ላይ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ ወጣቱ ለሠራው ይጠየቃልን? እ.ኤ.አ. በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 1735 እንደሚያስተምረው፣ ፍርሃት፣ ልማድ፣ ከውጭ የሚመጣ ግፊትና ሌሎችም ሥነ ልቦናዊ ወይም ማኅበራዊ ምክንያቶች የሰውን ተጠያቂነት ሊያሳንሱ፣ እንዲያውም ሊያስቀሩ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የአንጎል ሥዕል አላስፈለጋትም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና 16 ዓመት ያልሞላውን ከቅጣት ነጻ ያደርገዋል፤ 18 ላልሞላውም ቅጣቱን ያቀልለታል። የሀገራችንም የወንጀል ሕግ (1996 ዓ.ም.) ከ9 ዓመት በታች ያለውን አይከስስም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውንም ከዐዋቂ ለይቶ ይዳኛል። ቅጣት መቅረቱ ወይም መቅለሉ ግን ኃጢአት የለም ማለት አይደለም።

በእኔ አስተያየት ስሕተታችን የነጻነቱን ሰዓት ያለ ቦታው መፈለጋችን ነው። ራስን የሚገታው በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ መብሰሉን አያቆምም፤ ነገር ግን የ16 ዓመት ልጅ በጸጥታ፣ ጊዜ ወስዶ ሲያስብ ማስተዋሉ ከዐዋቂ ብዙም አያንስም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በጫት ቤት፣ በእኩዮቹ ክብ መካከል የተቀመጠው ልጅ ነጻነቱ ጠባብ ነው። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት «ና እንሂድ» በተባለ ጊዜ ግን ሰፊ ነበር። የሥነ ምግባር ሊቃውንት ስለ ሰካራም ሲናገሩ፣ በስካሩ ሰዓት ያደረገውን ባያውቅ እንኳ ጽዋውን ባነሣ ጊዜ የሚሆነውን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ ይጠየቅበታል ይላሉ። ይህ ለጓደኝነትም ይሠራል። ልጁን ወደ ንስሐ የሚያዘጋጅ መምህር «ምን አደረግህ?» ከማለቱ ጋር «ወዴት እንደሚሄዱ መቼ ዐወቅህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁ በዚህኛው «እኔ እንጃ» አይልም። ዛሬ የእኩያ ዓይን በስልክ ውስጥ ሆኖ እስከ መኝታ ድረስ ስለሚከተለው፣ ጸጥ ያለው ሰዓት አጥሯል።

ይህ ሰዓት ደግሞ በዐዋቂዎች እጅ ነው። አውጎስጢኖስ ወላጆቹ ስለ ንግግር ችሎታው እንጂ ስለ ንጽሕናው ብዙ አለመጨነቃቸውን ይጽፋል፤ ያንን ዓመት ያለ ሥራ ያሳለፈው ጎረምሳ ሌሊት ወጣ። ከሐድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሰደዱትን ወጣቶች ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ደላላው ሁሉንም ማሳመን አያስፈልገውም፤ አንዱን ካሳመነ የቀሩት እንዳይቀሩ ይከተላሉ። ድህነትና የቤተሰብ ተስፋ በመካከል መኖራቸው አይካድም። ሆኖም ደላላው ጎልማሳ ነው፤ አንጎሉም በስሎ አልቋል። ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰው ጌታችን የወፍጮ ድንጋይ ጠቅሶ የተናገረው ጽኑ ቃል እርሱን ይመለከታል።

(ነገሩን ሁሉ ለጎረምሶች ብቻ እንዳንተው ሮብዓምን እናስታውስ። የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ የአብሮ አደጎቹን በሰማ ጊዜ መንግሥቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ሲነግሥ ዕድሜው 41 ነበር።)

ወጣትን ከእኩዮቹ ሁሉ መለየት መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ዮሐንስ ቦስኮ በኪየሪ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1832፣ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ የክፍል ጓደኞቹን ሰብስቦ «የደስታ ማኅበር» አቋቋመ። የጨዋታና የጸሎት ማኅበር ነበር። እኩያ የሚያይ ዓይን ካልቀረ ምን ዓይነት ዓይን ይሁን የሚለውን በ17 ዓመቱ ተረድቶት ነበር።

ወደ አውጎስጢኖስ መጽሐፍ ስንመለስ አሊጲዮስ የሚባል ወዳጁን እናገኛለን። አሊጲዮስ በሮም ሕግ ሲማር ሰዎች በሰይፍ የሚገዳደሉበትን ትርኢት ይጸየፍ ነበር። ጓደኞቹ ከእራት ሲመለሱ ጎትተው ወሰዱት፤ ሥጋው ቢገባ ልቡ እንደማይገባ ተማምኖ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሕዝቡ በጮኸ ጊዜ ገለጠው። ከዚያ በኋላ ራሱ ሌሎችን እየጎተተ የሚሄድ ሆነ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ386፣ በሚላኖ የአትክልት ስፍራ አውጎስጢኖስ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ ሲያነብ አጠገቡ የነበረው ይኸው አሊጲዮስ ነው። ምን እንዳነበበ ጠየቀው፤ መጽሐፉን ተቀብሎ የሚቀጥለውን ቃል ለራሱ ወሰደ። በ387 የትንሣኤ ሌሊት ከቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ አብረው ተጠመቁ፤ ሦስተኛው አብሮአቸው የተጠመቀው የአውጎስጢኖስ ልጅ አደኦዳቱስ 15 ዓመት ገደማ ነበር።